ከሌላ እምነትና ባህል ሙዚቀኛ ጋር አብሮ መስራት፦ ከመጀመሪያው ንግግር እስከ ሪሊዝ

ይሄን የጻፍኩት ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚደጋገም ነው። ትራኩ ካለቀ በኋላ ዘፋኙ ስሜን አውጡልኝ አለ ምን እናድርግ፣ ኪቦርዱና የተጋባዡ መሳሪያ አብረው ሲገቡ ጆሮ የሚሻክር ነገር ይመጣል፣ ጸሎቱን ቢት ላይ አስገብተን ሰው ሁሉ ተቆጣ ምናምን። ሶስቱም የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው፣ ቢቱ ተሰርቶ ካለቀ በኋላ ነው ሌላው ሰው የሚጋበዘው። ያኔ ቅኝቱም ምቱም ርዕሱም ተወስኖ አልቋል፣ ተጋባዡ የቀረው ድምፁን ማዋስ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ያለው ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ከለመደው የተገለበጠ ነው፣ ምት እንኳን የሚመጣው ደረጃ 7 ላይ ነው። አትዝለሉ።

በእጃችሁ መኖር ያለበት

- ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) የሚያሳይ ቲዩነር። የስልክ አፕ ይበቃል፣ ግን የኖታውን ስም ብቻ የሚነግራችሁ አይጠቅምም፣ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ በቁጥር የሚያሳይ ይሁን።
- ድምፅ መቅጃ። ልምምድ ሁሉ ይቀዳል (አስፈቅዳችሁ)።
- ሁለታችሁም ገብታችሁ የምትጽፉበት አንድ ዶክመንት። በቻት የተባለ ነገር ይጠፋል፣ የተስማማችሁበት ሁሉ እዚህ ይግባ።
- ቋንቋ ካላገናኛችሁ አስተርጓሚ፣ ከተቻለ የሰውየውን እምነት ከውስጥ የሚያውቅ። ቋንቋውን ብቻ የሚያውቅ ሰው የጸሎት ቃልን እንደ ተራ ቃል ተርጉሞ ያልፈዋል።

ደረጃ 1፦ የምትሰሩት የትኛውን አይነት እንደሆነ ወስኑ

ሶስት አይነት ስራ አለ፣ ሶስቱም "ኮላብ" ይባላሉ ግን አደጋቸው አንድ አይደለም።

ሀ. ሁለታችሁም የየራሳችሁን የአምልኮ ዜማ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። እዚህ ላይ የሚያዋጣው በየተራ ማሰማት ነው፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይገባል፣ መሸጋገሪያውን መሳሪያ ይይዘዋል። ሁለት የተለያየ ጸሎት በአንድ ጊዜ መደራረብ በሁለቱም ወገን ያለውን አማኝ ያስከፋል፣ ሁለታችሁም በግልፅ ፈልጋችሁት ካልሆነ አታስቡት።

ለ. የአንዳችሁ የአምልኮ ጽሑፍ ወይም ዜማ በሌላው አለማዊ አጃቢ ይታጀባል። ከሶስቱ ከባዱ ይሄ ነው፣ ሰው ደግሞ ሁሌም መጀመር የሚፈልገው ከዚህ ነው።

ሐ. አዲስ ግጥም፣ አዲስ ዜማ፣ የሁለታችሁም በሆነ ርዕስ ላይ። ናፍቆት፣ ምስጋና፣ ሀዘን፣ ሰላም፣ ስደት፣ እናት።

የመጀመሪያ ስራችሁ ከሆነ ሐን ምረጡ። ለ ጥሩ ስለማይሆን አይደለም፣ መተማመን ስለሚፈልግ ነው፣ መተማመን ደግሞ አንድ ስራ አብሮ ከጨረሱ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

*ካልተስማማችሁ፦* አንዱ ሀ ሌላው ሐ ካለ ሁለት አጭር ስራ ስሩ እንጂ አንዱ ትራክ ውስጥ ሁለቱን አታጣብቁ።

ደረጃ 2፦ የድንበር ንግግር

ይሄ ዋናው ነው። ብዙው ሰው የሚዘለውም ይሄንኑ ነው፣ ምክንያቱም ስለ ሃይማኖት መጠየቅ ነውር ይመስለዋል። ነውሩ ሳይጠይቁ መገመት ነው። ከመሳሪያ ርቃችሁ፣ ሪከርደር ሳትከፍቱ፣ ሰፊ ሰአት ይዛችሁ ተቀመጡ።

አንድ ህግ አስቀድማችሁ ያዙ፣ የምትጠይቁት ሰውየውን ነው እንጂ ሃይማኖቱን አይደለም። "በእናንተ እምነት እኮ ይሄ ይፈቀዳል፣ እገሌ ሲያደርገው አይቻለሁ" የሚል አረፍተ ነገር ከአፋችሁ እንዳይወጣ። በእስልምና ውስጥ ስለ ሙዚቃ መሳሪያ ያለው አቋም አንድ አይደለም፣ ሁሉንም የሚጫወት አለ፣ ድቤ ብቻ የሚቀበል አለ፣ ድምፅ ብቻ የሚልም አለ። ክርስቲያኑም ጋር እንደዛው ነው፣ ኦርጋንና ጊታር የተለመደበት ቤተክርስቲያን አለ፣ በብዙ የምስራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት (እንደ ግሪክና ሩሲያ ያሉት) ደግሞ ዜማው በድምፅ ብቻ ነው። አጥባቂ አይሁድ ውስጥ ሴት በወንዶች ፊት ብቻዋን እንዳትዘፍን የሚጠብቁ አሉ፣ የማይጠብቁም አሉ። ስለዚህ ፊታችሁ ያለው ሰው የትኛው ጋር እንደሆነ የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው።

የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፣ መልሱን እዛው ዶክመንቱ ላይ በራሱ ቃል ጻፉ።

1. ከምታቀርበው ነገር ውስጥ ከአምልኮ ውጪ መሰማት የሌለበት የትኛው ነው?
2. በመሳሪያ መታጀብ የሌለበት አለ? በየትኛው መሳሪያ?
3. መቆረጥ፣ መደጋገም፣ ፍጥነቱ መቀየር የሌለበት ጽሑፍ አለ?
4. ከአንተ ውጪ ሌላ ሰው ሊዘፍነው የማይገባ አለ? (በአንዳንድ ባህል አንድ ዜማ የአንድ ቤተሰብ ወይም የአንድ ማህበር ነው፣ ወይም ሴቶች ብቻ የሚያዜሙት ነው፣ ወይም በቀብር ላይ ብቻ ነው የሚሰማው።)
5. የሌላውን እምነት ቃል አንተ ራስህ ለማዜም ትቸገራለህ?
6. ፈቃድ መጠየቅ ያለብህ ሰው አለ? የንስሀ አባት፣ ሼኽ፣ መምህር፣ ጉሩ፣ የቤተሰብ ሽማግሌ?

አምስተኛው በጣም ይረሳል። ሰው ሌላው ሲያዜም ማጀብ ምንም ሳይመስለው ያንኑ ቃል በራሱ አፍ ማለት ግን የእምነት ምስክርነት ይሆንበታል። በተለይ የአንድነት መዝሙር ላይ "ሁላችንም አብረን እንበለው" ከመባሉ በፊት ይጠየቅ።

እነዚህን ደግሞ ሳይነገራችሁም እወቁ። አዛንና የቁርአን ቂራአት ለሙስሊሙ ሙዚቃ አይደሉም፣ ዜማ ቢኖራቸውም "ዘፈን" አይባሉም፣ እነሱን ሳምፕል አድርጎ ቢት ላይ መጫን ከባድ በደል ነው። የቅዳሴ ጸሎት፣ የሲኮች ሻባድ (ቅዱስ መዝሙር)፣ በአይሁድ ምኩራብ የሚነፋው ሾፋር፣ የሂንዱ ማንትራ፣ እነዚህ ሁሉ ለጆሮ ስላማሩ ብቻ አይወሰዱም። የሚያምን ሰው ፈቅዶ፣ እንዴት እንደሚቀርብ ራሱ ወስኖ ካመጣው ሌላ ጉዳይ ነው።

ትልቅ ሰው ከሆነ በእርስዎ ጠይቁ፣ አጭርና ግልፅ አድርጉት፦ "ከእርስዎ ጋር አብረን ለመስራት እንፈልጋለን። ከመጀመራችን በፊት የማይነካውን ነገር ከእርስዎ መስማት እንፈልጋለን፣ የሚከብድዎ ነገር ካለ ምክንያት መስጠት አይጠበቅብዎትም፣ እንተወዋለን።" የመጨረሻው ሀረግ ወሳኝ ነው። ምክንያት እንዲሰጥ የተገደደ ሰው ወይ ይከራከራል ወይ ሳይፈልግ እሺ ይላል፣ ሳይፈልግ እሺ ያለው ደግሞ ትራኩ ሲያልቅ ነው ስሜን አውጡልኝ የሚለው።

*"ጠይቄ እመለሳለሁ" ካለ፦* ቀን አትቁረጡለት። ቢዘገይ ሌላ ዜማ ላይ ስሩ። መልሱ አይሆንም ከሆነ በዛ ዜማ "ተመስጦ" ተመሳሳይ ነገር ለመስራት አትሞክሩ፣ ወዲያው ይታወቃል።

*እናንተ ስትጠየቁ፦* የናንተንም ድንበር ተናገሩ። ለኔ ሁሉም ነገር ይሆናል ማለት ትህትና ይመስላል እንጂ ሌላውን ብቻውን አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ደረጃ 3፦ ካላንደር

የሁለታችሁንም የጾም፣ የበአልና የጸሎት ጊዜ በአንድ ካላንደር ላይ አስቀምጡ። ረመዳን በፀሀይ አቆጣጠር በየአመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ ያምናውን ቀን አትጠቀሙ። በአይሁድ ሰንበት ከአርብ ፀሀይ መጥለቅ እስከ ቅዳሜ ማታ ነው፣ የሚጠብቅ ሰው ያን ጊዜ መሳሪያ አይነካም። አብይ ጾም ላይ አለማዊ ዘፈን የማይዘፍን ክርስቲያን ብዙ ነው፣ የምስራቁና የምእራቡ ፋሲካ ደግሞ ብዙ አመት በተለያየ ቀን ነው የሚውለው። በጾም ቀን ቮካል አትቅዱ፣ የደረቀ ጉሮሮ በሚክስ አይስተካከልም። በልምምድ ቀን የጸሎት እረፍትን ከመጀመሪያው ሰአት ውስጥ አስገቡት፣ ሰውየው ሁሌ ይቅርታ እየጠየቀ እንዳይወጣ።

ደረጃ 4፦ ወረቀት፣ ከቀረጻ በፊት

"ጓደኛሞች ነን" ለሚል ሁሉ አንድ ምሳሌ። ከታይዋን የአሚስ ህዝብ የሆኑ ዲፋንግና ኢጋይ የሚባሉ አረጋውያን ባልና ሚስት ያዜሙት ባህላዊ ዜማ ተቀድቶ ነበር፣ ኤኒግማ የተባለው የሙዚቃ ፕሮጀክት ያንን ድምፅ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ) አለምን ባዳረሰ ዘፈን ውስጥ ተጠቀመበት፣ ስማቸው ግን አልነበረም። ጉዳዩ ክስ ሆኖ በ1999 በስምምነት ተዘጋ። ከዚህ የምትወስዱት፣ "ባህላዊ ነው ባለቤት የለውም" የሚለው አባባል ዜማውን ሊመለከት ይችላል፣ ያንን ዜማ ያዜመውን ሰው ድምፅና ቅጂውን ግን አይመለከትም። እነሱ የራሳቸው መብት አላቸው።

አንድ ገፅ ይበቃል። ውስጡ የሚገባው፦

- ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ አሬንጅመንት የማን፣ በፐርሰንት። ዜማው ባህላዊ ከሆነ "ባህላዊ" ተብሎ ከየት ህዝብ እንደሆነ ይጻፍ፣ የግል ድርሰት ተብሎ እንዳይመዘገብ።
- የቅጂው (የማስተሩ) ባለቤት ማን ነው።
- ክፍያው አንድ ጊዜ ነው ወይስ ከገቢው ድርሻ ነው ወይስ ሁለቱም።
- ስም እንዴት ይጻፋል፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ከነማእረጉ ወይስ ያለማእረግ።
- ቅጂው ለማስታወቂያ፣ ለፊልም፣ ለፖለቲካ ቅስቀሳ ይውላል? ሪሚክስ ይፈቀዳል? ለእያንዳንዱ እንደገና መጠየቅ አለበት የሚል ጻፉ።
- አንዱ ወገን ከሪሊዝ በፊት "ይቅር" ካለ ምን ይሆናል፣ ያወጣው ወጪ በማን ላይ ነው።

ወረቀቱን በሁለታችሁም ቋንቋ አድርጉት። በማያነበው ቋንቋ የፈረመ ሰው አልፈረመም ብላችሁ ቁጠሩት።

ደረጃ 5፦ ግጥም

ሶስት ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ ስሩ፣ የመጀመሪያው ዋናው ቃል፣ ሁለተኛው ሌላኛው ወገን በሚያነበው ፊደል ድምፁ እንዴት እንደሚባል፣ ሶስተኛው ትርጉሙ በተራ ቋንቋ። መስመር በመስመር አብራችሁ አንብቡት። የመሳሪያ ተጫዋቾቹም ይቀመጡ፣ ከበሮ መቺው መስመሩ ላይ ያለው ለቅሶ መሆኑን ካላወቀ የሰርግ ምት ይመታበታል።

የማያውቁትን ቋንቋ ለሚያዜም ሰው አንድ ቃል ብቻውን በዝግታ ከዛ በዜማ አድርጋችሁ ቅዱለት። የሚጠብቅና የሚላላ፣ የሚረዝምና የሚያጥር ድምፅ ትርጉም በሚቀይርበት ቋንቋ ስህተቱ ከአነጋገር ዘይቤ ያልፋል፣ የፈጣሪ ስም ላይ ከሆነ ደግሞ ያስቀይማል። ቃሉ ካልያዘለት ሁለተኛ ድምፅ ይሁን ወይ አፉን ዘግቶ ያንጎራጉር።

ደረጃ 6፦ ቅኝት

ያ የሚሻክር ድምፅ የሚፈታው እዚህ ነው። አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት ነው፣ ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ 100 ሴንት ነው። የአለም ሙዚቃ ሁሉ ግን በዚህ 100 ልክ አልተቆረጠም። ራስት በሚባለው የአረብ መቃም (ቅኝት) ውስጥ ሶስተኛው ድምፅ ወደ 350 ሴንት አካባቢ ነው፣ ማለት ከኪቦርዱ ማይነር (300) እና ሜጀር (400) መሀል ላይ ይወድቃል፣ የቱርኩ ራስት ደግሞ ከአረቡ ከፍ ይላል። ኪቦርዲስቱ ሜጀር ኮርድ ሲይዝ ዘፋኙ "ፎልስ" የሆነ ይመስላል፣ ዘፋኙ ግን ልክ ነው።

እንዲህ ሂዱ።

6.1 መጀመሪያ የማይንቀሳቀሰውን ፈልጉ። ማሲንቆ፣ ኡድ፣ ቫዮሊን ፍሬት (እንደ ጊታር አንገት ላይ ያለው ቋሚ መስመር) ስለሌላቸው የትም ይሄዳሉ። ክራር ክሩ ይቃኛል። ዋሽንትና ናይ ግን ርዝመታቸው ድምፃቸውን ይወስነዋል፣ ለየቁልፉ ሌላ ያስፈልጋል፣ ተጫዋቹ ምን ምን እንዳለው ጠይቁ። ሀርሞኒየም ልክ እንደ ኪቦርድ ቋሚ ነው። የስኮትላንዱ ባግፓይፕ ላ የሚለው ድምፅ ከ470 ሄርዝ በላይ ነው፣ ከተለመደው 440 ከግማሽ ድምፅ በላይ ይርቃል። የዚምባብዌው ምቢራም (በአውራ ጣት የሚመታ መሳሪያ) እንዲሁ በ440 ላይሆን ይችላል። የጃቫና የባሊ ጋሜላን (ጎንግና ሌሎች የሚመቱ መሳሪያዎች ያሉበት ስብስብ) ደግሞ እያንዳንዱ ስብስብ የራሱ ቅኝት አለው፣ የአንዱ ከሌላው ጋር እንኳን አይገጥምም። ህጉ ቀላል ነው፣ መቀየር የማይችለውን የሚችለው ይከተለዋል። "ኮምፒውተሩ 440 ነው" ምክንያት አይሆንም፣ ኮምፒውተሩ ከሁሉም በላይ ቀላሉ ተቀያሪ ነው።

6.2 የዘፋኙን ከፍታ ያዙ። ያለ መሳሪያ ያዚም፣ የሚያርፍበትን ድምፅ በቲዩነር ለኩ፣ ያ ነው መነሻችሁ። ቋሚ መሳሪያ ካለና ካልገጠመ በግማሽ ድምፅ ላይ ተነጋገሩ፣ ከዛ በላይ ዘፋኙን አታንቀሳቅሱ።

6.3 ድምፅ በድምፅ ለኩ። እያንዳንዱ ሰው ስኬሉን ከታች ወደ ላይ፣ ከዛ ከላይ ወደ ታች በዝግታ ይጫወት። ሁለቱንም አቅጣጫ ለኩ፣ ብዙ የህንድ ራጋዎች (የህንድ ቅኝቶች) ሲወጡና ሲወርዱ አንድ አይነት አይደሉም፣ መቃም ላይም ሲወርድ ዝቅ የሚል ድምፅ አለ። በወረቀት ጎን ለጎን ጻፉትና ልዩነቱ ከ15 ሴንት በላይ የሆነውን አክብቡ። (15 የኔ መስመር ነው፣ ረጅም ሆኖ በሚያዝ ድምፅ ላይ ከዚህ ያነሰም ይሰማል።)

6.4 በድሮን ጀምሩ። አንድ ድምፅ፣ የማያቋርጥ፣ ከነአምስተኛው ቢሆን ይችላል። ሁሉም በሱ ላይ ይጫወት። አብዛኛው ዜማ ያለ ኮርድ ቆሞ መሄድ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ስራው የሚያምረው እዚህ ላይ ቢቀር ነው ባይ ነኝ።

6.5 ኮርድ በመጨረሻ። ኮርድ ስታስገቡ ዜማው የሌለውን ድምፅ ታስገባላችሁ። ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፣ ፋ ሜጀር ኮርድ ስትይዙ ፋ ገባ፣ ሶል ሜጀር ስትይዙ ሲ ገባ፣ ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም፣ ከዛ ለምን ትዝታ ትዝታ አልል አለ ትላላችሁ። በ6.3 ያከበባችሁት ድምፅ ያለበትን ኮርድ አውጡ፣ ወይም የኮርዱን ሶስተኛ ድምፅ አስወግዳችሁ መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ያዙ።

*አሁንም ከሻከረ፦* በቅደም ተከተል ሞክሩ። አንድ፣ ኪቦርዱን በዛ ቦታ ዝም አስብሉት። ሁለት፣ ማይክሮ ቲዩኒንግ ያለው ሶፍትዌር ወይም ኪቦርድ ካለ ያንን አንድ ቁልፍ ብቻ ዝቅ አድርጉ። ሶስት፣ አብሮ መጫወቱን ትታችሁ በየተራ አድርጉት፣ አንዱ ይጠይቅ ሌላው ይመልስ። አውቶቲዩን ግን በፍፁም፣ 350ውን ወስዶ 400 ላይ ወይ 300 ላይ ነው የሚለጥፈው፣ የሰውየው ሙዚቃ እዛው ላይ ያልቃል።

*ጊዜ መድቡ፦* ሲታር ከስር የሚያስተጋቡ ክሮች አሉት፣ ራጋው በተቀየረ ቁጥር እነሱም ይቃኛሉ። ቃኑን (የአረብና የቱርክ ባለብዙ ክር መሳሪያ) ትናንሽ ማንሻዎቹ አስቀድመው ይስተካከላሉ። በየዘፈኑ መሀል ቅኝት ይቀየር ማለት ግማሽ ሰአት ጠፋ ማለት ነው፣ ተመሳሳይ ቅኝት ያላቸውን አከታትላችሁ ስሩ።

ደረጃ 7፦ ምት

"አንድ የት ነው?" ከሚለው ጥያቄ ጀምሩ፣ ማለት የዙሩ መነሻ ምት የትኛው ነው። መልሱ ለሁሉም አንድ አይደለም። ቲንታል የሚባለው የህንድ የምት ዙር 16 ምት ነው፣ 4 በ4 የተከፈለ፣ ሁሉም ነገር ተሽከርክሮ መጀመሪያው ምት ላይ ይገናኛል። ጋሜላን ውስጥ ደግሞ ትልቁ ጎንግ የሚመታው ዙሩ ሲያልቅ ነው፣ ክብደቱ መጨረሻ ላይ ነው። የባልካን 7 ብዙ ጊዜ 2+2+3 ወይም 3+2+2 ነው፣ የቱርክ 9 ደግሞ 2+2+2+3። ጭክጭካ በ6/8 ይጻፋል፣ የማያውቀው ሰው ግን ሁለት ነው ወይስ ሶስት ብሎ ይጠፋበታል።

መሳሪያ አስቀምጡና በእጅ አጨብጭቡ። የዜማው ባለቤት ያጨብጭብ፣ ሌሎቹ በእግራቸው ይከተሉት፣ አፍ እየቆጠረ። ሁሉም ሳይቆጥር እስኪይዘው መሳሪያ አይነሳ። ከዛ አንድ ከበሮ ብቻ ይግባ፣ ከዛ ባስ፣ ከዛ ሌላው። ከበሮ መቺዎች ሁለት ከሆኑ ማን ዋናውን ይይዛል የሚለውን ወስኑ፣ ሁለቱም ሲሞሉ ምቱ ጭቃ ይሆናል።

*የማይያዝ ከሆነ፦* የሰውየውን ምት ወደ 4/4 አታስገቡት። የአንዱ ዙር 7 የሌላው 4 ከሆነ ከ28 በኋላ ይገናኛሉ፣ መገናኛውን ምልክት አድርጉበትና እዛ ላይ አብራችሁ ምቱ፣ ለሰሚውም ደስ ይላል። ነፃ ሆኖ ያለ ምት የሚሄድ ዜማ ከሆነ (ብዙ የአምልኮ ዜማና የራጋ መግቢያ እንዲህ ነው) ምት አትጫኑበት፣ ድሮኑ ብቻ ይሸከመው።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው የልምምድ ቀን

መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሙዚቃ ብቻውን ያሰማ፣ ሌላው ዝም ብሎ ይስማ፣ ስልክ ይቀመጥ። ቀጥሎ ከሌላው አጭር ዜማ በቃል ይማር፣ ያለ ኖታ፣ በጆሮ። አብሮ መጫወት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቫዮሊኒስቱ ይሁዲ ሜኑሂን እና ሲታሪስቱ ራቪ ሻንካር እ.ኤ.አ በ1966 እንግሊዝ ባዝ ፌስቲቫል ላይ መድረክ ሲጋሩ ሜኑሂን በዛ እድሜውና ዝናው ከሻንካር ተማሪ ሆኖ ነው የተቀመጠው፣ የናንተም ፕሮዲውሰር እዚህ ሰአት ላይ ተማሪ መሆን አለበት።

መሳሪያ ላይ አትራመዱ፣ በእግር አታንቀሳቅሱ፣ ሳትጠይቁ አትንኩ። ለብዙ የህንድ ሙዚቀኛ መሳሪያው የተከበረ ነው፣ ከበሮውን ያለፈቃዱ የማያስነካ ሌላም ብዙ አለ። ጫማ ይወልቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

*አንዱ ዝም ካለ፦* ዝምታ መስማማት አይደለም። ለብቻው ወስዳችሁ "የከበደህ ነገር አለ?" በሉት፣ በቡድን ፊት አይደለም። የቡድን ድምፅ ብልጫም አታድርጉ፣ ሁለት ለአንድ ከሆነ ሁሌ የሚሸነፈው በባህል ብቻውን ያለው ሰው ነው።

ደረጃ 9፦ ቀረጻ

በ24 ቢት፣ 48 ኪሎ ሄርዝ ቅዱ፣ ሁላችሁም አንድ አይነት ሴቲንግ ይኑራችሁ፣ በተለይ በርቀት ከሆነ ፋይሉ ሲላክ በኤምፒ3 ሳይሆን በዌቭ ይላክ፣ ሁሉም ፋይል ከዜሮ ሰከንድ ይጀምር።

ምት ያለው ዜማ ላይ ክሊክ (በሄድፎን የሚሰማ የምት መቁጠሪያ) ከመጠቀማችሁ በፊት ያለ ክሊክ አንድ ጊዜ ሙሉውን ቅዱ። ሙዚቃው በተፈጥሮው እየፈጠነ የሚሄድ ከሆነ (ብዙ የመንፈሳዊ ዝማሬ እንዲህ ነው፣ ቀዝቅዞ ጀምሮ ይግላል) ያ ቅጂ ራሱ ጋይድ ይሁን፣ ሌሎቹ በሱ ላይ ይቅዱ። ክሊክ ግድ ከሆነ ከመቁጠሪያው ድምፅ ይልቅ የራሳቸውን ከበሮ ሉፕ በሄድፎን ስጧቸው።

በአንድ ክፍል ፊት ለፊት እየተያዩ መቅዳት ከቻላችሁ እሱን ምረጡ። ድምፅ ወደ ሌላው ማይክ ይገባል፣ ይግባ። እየተያየ የሚጫወት ሰው መግቢያና መውጫውን በአይን ያገኘዋል።

የአምልኮ ጽሑፍ ሲቀዳ ቴክ በቴክ አትቆራርጡት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ ይባል፣ ስህተት ካለ እንደገና ከመጀመሪያው። ሰውየው ከዛ በፊት ለብቻው ጥቂት ደቂቃ ከፈለገ ስጡት፣ ክፍሉን ልቀቁለት።

ደረጃ 10፦ ኤዲትና ሚክስ

የማይገባችሁን ቋንቋ መሀል ላይ አትቁረጡ። ትልልቅ ሰዎችም እዚህ ተደናቅፈዋል። የፓኪስታኑ ቀዋሊ (የሱፊ መንፈሳዊ ዜማ) ዘማሪ ኑስራት ፋቴህ አሊ ካን ከካናዳዊው ማይክል ብሩክ ጋር እ.ኤ.አ በ1990 ያወጡት አልበም ሲሰራ ብሩክ ሀረጎችን መሀል ላይ ቆርጦ ትርጉማቸውን አበላሽቶ ነበር፣ ሳ ሬ ጋ እያለ ኖታ ብቻ የሚዘምር የመሰለው ቦታ እንኳን የራሱ አረፍተ ነገር ነበረው። የኑስራት ወገን አይቶ አስተካክሎ መሀል ላይ ተገናኙ። ስለዚህ፦

- ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ቮካል ኤዲት አይደረግም።
- ሉፕ የምታደርጉት ሀረግ ትርጉሙ ሙሉ መሆኑን አስረጋግጡ። "የለም" ላይ የተቆረጠና እየተደጋገመ የሚሄድ የእምነት ቃል አስቡት፣ ሙሉው የሚለው "ከፈጣሪ በቀር የለም" ሊሆን ይችላል።
- ከበሮውን ኳንታይዝ አታድርጉ (ምቱን በኮምፒውተር እኩል አታሰልፉ)። ያ "የዘገየ" የመሰላችሁ ምት ቦታው እዛው ነው።
- አንዱን ድምፅ ከፊት አንዱን ከኋላ በሪቨርብ አጥቦ ማስቀመጥ ምርጫ ነው፣ ግን የእንግዳው ድምፅ ሁሌ ከኋላ ጭጋግ ውስጥ ከሆነ ኮላብ ሳይሆን ማስጌጫ አድርጋችሁታል።

ረቂቅ ሚክሱን ለሁሉም ላኩና በጽሁፍ እሺታ ተቀበሉ። ደህና ነው ካሏችሁ በኋላ የቀየራችሁት ነገር ካለ እንደገና ላኩ፣ ትንሽም ቢሆን።

ደረጃ 11፦ ርዕስ፣ ምስል፣ መድረክ፣ ሪሊዝ

ሙዚቃው ሰላም ሆኖ ከቨሩ የሚያጣላበት ጊዜ አለ። የሃይማኖት ምልክቶችን በአንድ ምስል ላይ መደባለቅ፣ ነብያትን በስእል ማሳየት፣ በአምልኮ ቦታ የተነሳ ቪዲዮ፣ አለባበስ፣ እነዚህን አንድ በአንድ አጸድቁ። መድረክ ከሆነ ደግሞ ቦታው መጠጥ ይሸጣል ወይ፣ ስፖንሰሩ ማን ነው (የመጠጥና የቁማር ድርጅት ስም ከኋላው ተሰቅሎ መዝሙር የማይዘምር ሰው ብዙ ነው)፣ ከናንተ በፊትና በኋላ ማን ይወጣል፣ የሚለውን ከውል በፊት ንገሩት። ሪሊዙ የማንም የሀዘን ወይም የጾም ቀን ላይ አይዋል።

የዘፈኑ መግለጫ ላይ የዜማው ምንጭ፣ የእያንዳንዱ መሳሪያ ስምና ተጫዋች፣ የግጥሙ ትርጉም ይግባ። ስድብ ኮመንት እንደሚመጣ አስቀድማችሁ እወቁ፣ በተለይ በራሱ አማኝ ማህበረሰብ ውስጥ የሚኖረው አጋራችሁ ነው የሚመታው፣ እናንተ አይደላችሁም። ማን እንደሚመልስ ተስማሙ፣ በእሱ ፈንታ ሃይማኖቱን ለመከላከል አትግቡ፣ ቢከብደው ኮመንት ዝጉ።

ከሪሊዝ በኋላ "አውርዱልኝ" ከተባለ

አትከራከሩ፣ ወረቀቱንም ቶሎ አታውጡ። መጀመሪያ የትኛው ነገር እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከቨሩ ነው፣ ወይም ርዕሱ፣ ወይም አንድ መስመር፣ ወይም ከቤተሰብ የመጣ ጫና። ከቨርና ርዕስ በዛው ቀን ቀይሩ። መስመር ከሆነ ያለዛ መስመር አዲስ ሚክስ አድርጋችሁ ተኩት። ጠቅላላ ድምፁ ይውጣ ካለ ትራኩን አውርዱ፣ የመሳሪያ ቅጂ ብቻ ለማውጣት ከፈለጋችሁም ዜማው የሱ ከሆነ እንደገና አስፈቅዱ። ወጪውን በደረጃ 4 በተስማማችሁት አድርጉ። ፋይሎቹን ግን አትሰርዙ፣ በየሰዉ ስም ለይታችሁ አስቀምጡና የእሱን ድምፅ ሙሉውን ላኩለት፣ የራሱ ነው።